ግማሽ ዙር የከፈትኩት ብሎን

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ እጄ ነጥቷል። ድሮ ናፍታው ጥፍሬ ሥር ገብቶ በሎሚም በአመድም አልወጣ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳልፈትገው ራሱ ለቆ ሄደ። ጁባ ውስጥ ና ባሪ በሚባል ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቁጭ ብዬ ሳየው የሌላ ሴት እጅ ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሀበሾች፣ ጋራዥ ውስጥ ወጥ ትሠራ የነበረችው ሙሉ ይሉኛል። ውሸት አይደለም፤ መጀመሪያ ወጥ ነበር የምሠራው። ከዚያ በኋላ ግን የከባድ መኪና ሞተር ሠርቻለሁ። ኢንጀክተር አጥቤያለሁ፣ የናፍታ ፖምፓ አስተካክያለሁ፣ አሥራ ሁለት መኪና ትንሽ ናፍታ ጠጥቶ ብዙ መንገድ እንዲሄድ አድርጌያለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሱኝ። የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በእኔ ጥፋት ስማቸው የጠፋ አንድ ሰው አሉ፤ እሳቸው ያላወሩትን እኔ ላውራው ብዬ ነው።

ጋራዡ ካስተም ገበያ ጀርባ ነበር፤ ከዩጋንዳ የሚመጡት መኪኖች ዕቃ የሚያራግፉበት ሰፈር። ባለቤቱ አቶ ሰይፉ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። የራሳቸው አሥራ ሁለት ተሳቢ መኪና ነበራቸው፤ ከኒሙሌ ድንበር እህልና ዘይት ጭነው ጁባ ያመጣሉ። እኔ ለመካኒኮቹ ምሳ አበስላለሁ፣ ልጄ ብሩክ ከመኪኖቹ አንዱን ይነዳል። አንድ ልጄ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና በእግሩ ሳይቆም ነው። እኔ ጁባ ባልመጣ እሱም አይመጣም ነበር፤ ተከትሎኝ ነው የመጣው። ይህን ነገር ስንቴ እንዳሰብኩት እግዜር ይወቀው።

የኒሙሌ መንገድ አስፋልት ነው፣ ጥሩ መንገድ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን ጫካው ውስጥ የታጠቀ ሰው ነበረበት። መኪና ያስቆማሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ሹፌሩን አንዳንዴ ይለቁታል፣ አንዳንዴ አይለቁትም። ብሩክ በሄደ ቁጥር የነጠላዬን ጫፍ እቋጥራለሁ፤ የጋራዡ በር ላይ ክላክሱን ሲያሰማ እፈታዋለሁ። እንዲህ እየቋጠርኩና እየፈታሁ ነው የኖርኩት።

በፈረንጆቹ 2016 ክረምት ላይ ከተማው ውስጥ ያ ተኩስ ሲነሣ መካኒኮቹ ሁሉ ሄዱ። ግማሹ በአውሮፕላን፣ ግማሹ በዩጋንዳ በኩል። ጋራዡ ውስጥ የቀሩት አቶ ሰይፉ፣ ጥቂት ሹፌሮችና ጋሽ ተክሌ ናቸው። ጋሽ ተክሌ የፖምፓ ባለሙያ ነበሩ፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ። ለምን አልሄዱም ስላቸው፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል አሉኝ። ጥቂት ሰው ለማብላት ሙሉ ቀን አይፈጅም፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ አይተው አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ሙሉ፣ ድስት ስታጥቢ አይቻለሁ፤ ታች ድረስ ነው የምታጥቢው። ነይ፣ ይህንንም እጠቢ።"

የሰጡኝ የኢንጀክተር ኖዝል ነበር፤ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ብረት። ጫፉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ዓይን በቀላሉ አያያቸውም። ናፍታው በእነሱ ውስጥ አልፎ እንደ ጉም ሆኖ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ጉም ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይነዳል። ቀዳዳው ተዘግቶ ወይም ሰፍቶ እንደ ምራቅ ከተፋው ግን ግማሹ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ነው ያስረዱኝ፤ ጥቁር ጭስ ማለት ሳይበላ የተደፋ ምግብ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ምግብ ሲደፋ አልወድም።

የጋሽ ተክሌን አመል ልንገራችሁ። ሌላው መካኒክ እጁን ከሥራ በኋላ ይታጠባል፤ እሳቸው ከሥራ በፊት ነበር በሳሙና የሚታጠቡት። አንድ ቅንጣት አቧራ ፖምፓ ይገድላል ይሉ ነበር፣ የጁባ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኖዝሉ ውስጥ የምትገባ ቀጭን መርፌ አለች። መርፌዋና ቤቷ አንድ ላይ የተፋጩ ስለሆኑ ከሌላ አይቀያየሩም። ስድስቱን ፈታትቼ አንድ ሳህን ውስጥ የቀላቀልኩ ቀን ጋሽ ተክሌ አልተቆጡም፤ ሳህኑን ይዘው ቀኑን ሙሉ እያንዳንዷን መርፌ በእያንዳንዱ ቤት እየሞከሩ አጣመሩ። ቤቱን ዘንበል አድርገው መርፌዋን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይለቋታል፤ በራሷ ክብደት ቀስ ብላ ከተንሸራተተች ትክክል ናት። ከወደቀች ሰፍቷል፤ ከቆመች ቆሽሿል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ሁለተኛ ቀላቅዬ አላውቅም።

የኖዝል መፈተሻ መሣሪያው ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ማንም እንዲያወራ አይፈልጉም። እጀታውን ሲጫኑት ጥሩ ኖዝል እንደ ፌንጣ ይጮኻል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት ከፊቱ ይይዙና የናፍታውን አረጫጨት ያያሉ። እጄን ከሚረጨው ፊት እንዳላደርግ ስንቴ አስጠንቅቀውኛል፤ ናፍታው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እጁን ያጣ ሰው ያውቃሉ። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይይዛሉ። ጨርቁ ከጠቆረ እንደገና ይፈታል። አቶ ሰይፉ፣ ጋሽ ተክሌ እባክዎ ጭነት እየጠበቀን ነው ሲሉ ጨርቁን ያሳዩአቸው ነበር፤ መልሳቸው ያ ነው።

ሹፌሮቹ መጀመሪያ ቀለዱብኝ። ከእነሱ ዋናው ዴንግ ነበር፤ የጁባ ልጅ ሆኖ በጦርነቱ ጊዜ ኢታንግ የስደተኛ ካምፕ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የፈጠነ።

"ማማ ሙሉ፣ ሞተሬ ጨው አንሶታል፤ ቅመሺልኝ።"

"አንተ አፍህን ዝጋ፣ ጭስህ አነሰ እኮ።"

"እሱስ አነሰ" ይላል እየሳቀ። "ሚስቴ ድሮ ከሩቅ በጭሴ ነበር የምታውቀኝ፤ አሁን ሳልታወቅ እገባባታለሁ።"

ሳቁብኝ እንጂ አስተዋሉ። ናፍታ በጁባ በጠፋበት፣ በውሃ ጠርሙስ እየተቀዳ መንገድ ዳር በሚሸጥበት ጊዜ፣ የእኛ መኪኖች ኒሙሌ ደርሰው ተመልሰው ጋኑ ውስጥ የሚተርፍ አላቸው መባል ጀመረ።

ይህን ሰምቶ ነው ካዋጃው፣ ፈረንጁ ማለት ነው፣ የመጣው። እህል የሚያከፋፍል ድርጅት መሐንዲስ ነው። አንገቱ በፀሐይ የቀላ ረጅም ሰው፤ ቱቦ ያለው መሣሪያ ይዞ ይዞራል፤ ቱቦውን ጭስ ማውጫ ውስጥ ይከታል፣ ቁጥር ያነባል። ሹፌሮቹ በጁባ ዓረቢኛ አቡ ዱካን አሉት፣ የጭስ አባት። የእሱን እህል የሚጭን መኪና ትንሽ ናፍታ የሚያቃጥል መሆን አለበት አለ። አቶ ሰይፉ እያስተረጎሙ እንደነገሩን፣ ከጥቁሩ ጭስ ሌላ ዓይን የማያየው ጭስ አለ፤ እሱ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ምድርን ያሞቃል፣ ዝናብ ያዛባል። እኔ የማይታይ ጭስ እንዴት ይቀነሳል ብዬ ጋሽ ተክሌን ጠየቅኩ። የማይታየውን መቀነስ የሚቻለው የሚታየውን ናፍታ ባለማቃጠል ብቻ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም አሉኝ። ካዋጃው ይህ ሲተረጎምለት ተነሥቶ ጨበጣቸው።

እንግዲህ የአየር ፊልትሮ በየጉዞው መራገፍ፣ የጎማ ንፋስ በየጠዋቱ መለካት፣ ኢንጀክተሩ በየጊዜው መፈተሽ ግዴታ ሆነ። ዋናው ነገር ግን ብሎኑ ነበር። ፖምፓው ጎን ላይ አንድ ብሎን አለ፤ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሲረግጥ ምን ያህል ናፍታ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። ሹፌሮች ይከፍቱታል። ሲከፈት መኪናው ይፈጥናል፣ ያጨሳል፣ ይጠጣል። ጋሽ ተክሌ የአሥራ ሁለቱንም ብሎን ልክ ላይ አድርገው በሽቦ አሰሩት፤ ሽቦውን በፕሎምፕ፣ ማለት በእርሳስ ብረት ማኅተም፣ አሸጉት። ፕሎምፑን የሚጨፈልቁበት መቆንጠጫ ነበራቸው፤ እርሳሱ ላይ "ተ" የሚል ፊደል ያትማል። ካዋጃው ፕሎምፑ የተነካ መኪና እህሌን አይጭንም አለ። አቶ ሰይፉ ደግሞ ሁሉንም ሰብስበው፣ ፕሎምፕ የነካ ሹፌርም ሆነ ያስነካ ሰው ለፖሊስ ነው የምሰጠው አሉ። በጁባ ለፖሊስ መሰጠት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ተክሌ መቆንጠጫውን የሚያስቀምጡበትን ሳጥን ቁልፍ ለማንም አይሰጡም ነበር። ለእኔ ሰጡኝ።

በ2017 አጋማሽ ላይ ወባ ጣላቸውና ሳምንት ቤታቸው ተኙ። እኔ ፖምፓ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ብሩክ ምሳ ሰዓት ላይ ገባ፤ በሩን ዘጋው።

"እማ፣ መኪናዬ ሞቷል።"

"ምን ሆነ?"

"ዳገት ላይ ስረግጠው አይሰማኝም። ባለፈው ጉዞ ከፊቴ የነበረውን መኪና ሲተኩሱበት አየሁ። ረግጦ ነው ያመለጠው። እኔ ብሆን አላመልጥም።"

ጋሽ ተክሌ ልኩን አውቀው ነው የዘጉት አልኩት።

"ጋሽ ተክሌ አይነዱም።"

ኖዝሉን ማጠብ ቀጠልኩ። እሱ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺ እናቴ ነሽ ወይስ የአቡ ዱካን ሠራተኛ?" አለኝ።

ያን ቃል ባይናገር ምን አደርግ ነበር እላለሁ። ምናልባት ያንኑ ነበር የማደርገው። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃት ደግሞ እጅ አለው። ሽቦውን ቆረጥኩ። ብሎኑን ግማሽ ዙር ከፈትኩት። ጋሽ ተክሌ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው ማለታቸውን አስታውሳለሁ። ሩቡን ለዳገቱ፣ ሩቡን ለፍርሃቴ ሰጠሁት። ከዚያ አዲስ ሽቦ አሰርኩ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ እርሳሱን በእሳቸው መቆንጠጫ ጨፈለቅኩ። "ተ" በደንብ ወጣ። ብሩክ ሞተሩን አስነሥቶ ሲረግጠው ቅጥር ግቢው በጥቁር ጭስ ሞላ፤ ልጄ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ ሳቀልኝ። በማግሥቱ ጠዋት በወታደር ከሚታጀበው ኮንቮይ ጋር ወጣ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዬን ሳልቋጥር ሸኘሁት።

በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ተመለሱም፤ ብሩክ ብቻ ቀረ። ዴንግ ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ አልመጣም፤ ጎማው አጠገብ ቆሞ መሬት ያያል። እኔ ሄድኩ። ጭነው ሲመለሱ ረጅሙ ዳገት ላይ የብሩክ መኪና መቆሙን ነገረኝ። አጃቢዎቹ ወታደሮች እዚህ መቆም አይቻልም ብለው ሌላውን ሁሉ ነድተውታል። ዴንግ ቆሜ ልጎትተው ብሎ ነበር፤ አንዱ ወታደር ጠመንጃ አዞረበት።

"በመስታወት አየሁት" አለኝ። "መንገዱ መሀል ቆሞ እጁን ያወዛውዝ ነበር። ማማ፣ ይቅር በዪኝ።"

ሞተሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ልጄ ምን ሆነ ሳልል ሞተሩ ምን ሆነ አልኩ። ዳገቱን ሲወጣ እንደ ከሰል ምድጃ ያጨስ ነበር፤ ከዚያ ድው አለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ አለኝ። ያኔ ገባኝ። ናፍታ በዝቶበት፣ ጭነት ተጭኖት፣ ዳገቱ ረዝሞበት ፒስተኑ ቀልጧል። ጋሽ ተክሌ ዘግተውት በነበረው ልክ ቢሆን ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተም ቢሆን፣ ይወጣው ነበር። እንዲያመልጥበት ብዬ የከፈትኩለት ነው ያቆመው።

ሁለት ቀን በሩ ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ሰይፉ ስልክ ይደውላሉ፤ ኬላው ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች አላየንም ይላሉ። አንድ መኪና መንገድ ላይ ተራቁቶ ቆሟል፤ ባትሪው፣ ጎማው፣ ጭነቱ የለም፤ ሰውም የለም። በዚያ መንገድ ሰው የለም ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሴቶች ከገበያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ማሌሽ ማማ፣ ማሌሽ ይሉኛል። አይዞሽ ማለታቸው ነው። እነሱ መንገዱን ይራገማሉ። እኔ ራሴን እንደምራገም ለማን ልናገር? አጠገቤ ያ ሁሉ ሰው እያለ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ቦዳ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ቆመ። ከኋላ የተቀመጠውን ሰው መጀመሪያ አላወቅኩትም። ፊቱና ክንዱ በሣር ተቆራርጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ተኩስ ሰምቶ ጫካ ገብቶ ነው። አንድ ሽማግሌ ካሳቫ አብልተው በእግር መንገድ መርተው ወደ ኬላው አድርሰውታል። እቅፍ አድርጌው ቆምኩ። ጆሮዬ ሥር፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ "ረገጥኩት እማ። መጀመሪያ በረረ" አለኝ። ከዚያ በላይ ስለዚያ ብሎን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ካዋጃው መጣ። ጋሽ ተክሌም ከወባው ተነሥተው፣ ከስተው መጡ። ሞተሩ ሲፈታ ሁለት ፒስተን እንደ ሰም ቀልጧል። ካዋጃው ፖምፓው የሚልከውን ናፍታ ለካ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከልክ በላይ ነው። ፕሎምፑን አየ፤ ያልተነካ ነው። "ተ" ይላል። እንግዲህ ይህን ያህል ከፍቶ ያሸገው ማን ነው አሉ አቶ ሰይፉ። ሹፌሩም ያውቃል ማለት ነው፣ ዛሬ ሁለት ሰው ነው የማስረው አሉ። ብሩክ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሽቦውን አዩት። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ሽቦ ስገምድ ወደ ግራ ነው የምገምደው። እሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ ስንቴ ስቀውብኛል። ረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ቀና ሲሉ ወደ እኔ አልዞሩም።

"ማህተሙ የእኔ ነው" አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሹፌሩ ያውቃል ወይ ሲባሉ፣ ሹፌር ምን ያውቃል አሉ። አፌን ከፈትኩ። ብሩክን አየሁት፤ ያ የተቆራረጠ ፊቱን አየሁት፤ ዘጋሁት። ይኸው ነው። እናት ነሽ ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው ይኖራል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ሽማግሌ የሠላሳ ዓመት ስማቸውን ሲጥሉልኝ ቆሜ ነው ያየሁት።

አቶ ሰይፉ ለፖሊስ አልሰጧቸውም፤ አሰናበቷቸው። ጋሽ ተክሌ መሣሪያቸውን ጠቅልለው በማግሥቱ በዩጋንዳ አውቶቡስ ሄዱ። መቆንጠጫውን አልወሰዱም።

በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ አቶ ሰይፉ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸው ወንበር አሳዩኝ።

"ለካዋጃው ጥፋተኛው ተሰናብቷል ብዬ ጽፌለታለሁ" አሉ። "አሁን ሌላ ጥፋተኛ ይዤለት ብሄድ እህሉን ለሌላ ይሰጣል፤ ሃያ ሰው እንጀራው ይዘጋል። ጋሽ ተክሌን የት ብዬ ልመልሳቸው? ስልካቸውም አይነሣም።"

"ያሳስሩኝ እንግዲህ።"

"ፖምፓ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም። ከነገ ጀምሮ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ እኮ ያበላሸሁት።"

"ስለዚህ ሁለተኛ አታበላሺውም።"

እንዲህ ነው ባለሙያ የሆንኩት። ደመወዜ ጨመረ። የጋሽ ተክሌ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ እሠራ ነበር፤ እግሬ ያበጠው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ምሳ የምታበስል ሌላ ሴት ተቀጠረች። መካኒኮቹ ተመልሰው ሲመጡ አብረው ይበላሉ፤ እኔን አለቃ ብለው ለብቻዬ ያቀርቡልኛል። ቤት ስገባ ብሩክ አለ፤ ወራት ሥራ ሳይሠራ ተቀመጠ። ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ፣ የምናውቀውን እያወቅን፣ ስለ ዝናቡና ስለ መብራቱ እናወራለን።

ጋሽ ተክሌ አንድ ጊዜ ስልክ አነሡልኝ። አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ነበሩ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሳቸው አላስጨረሱኝም፤ የሰባት ቁጥር መኪና ሦስተኛው ኢንጀክተር አሁንም ያንጠባጥባል ወይ አሉኝ። ቀይሬዋለሁ አልኳቸው። ደግ አደረግሽ አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"ልጅሽ ተመልሷል አይደል? እንግዲህ የሌሎቹንም እንዲመለሱ አድርገሽ ሥሪ። ለእኔ የሚበቃኝ እሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር አልሠራልኝም።

በ2018 መጀመሪያ ላይ የቀለጠው ሞተር ታድሶ ተገጠመ፤ ብሩክም ልንዳ አለ። ሌላ ሥራ አያውቅም። እንዳይሄድ ለመንኩት፤ ቤት ተቀምጬ ልሙት ወይ አለኝ። ሞተሩን የምሠራው ደግሞ እኔ ነኝ።

አራት ቀን ሠራሁት። ስድስቱን ኖዝሎች እስኪጮኹ ድረስ አዳመጥኩ። አንዱ ድምፁ ትንሽ ደፈን ያለ መሰለኝ፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩት። የአየር ፊልትሮውን አዲስ አደረግኩ። ነጩን ጨርቅ ጭስ ማውጫው ላይ ያዝኩ፤ ግራጫ ሆነ፣ እንደገና ፈታሁ፤ በሚቀጥለው ነጭ ሆኖ ቀረ። ብሎኑን ልኩ ላይ አመጣሁትና ቆምኩ። ብሩክ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል፤ ትንፋሹን እሰማለሁ። አልጠየቀኝም። መጠየቁን ብቻ ነበር የምፈራው፤ አለመጠየቁ ግን ባሰ። እጄ ብሎኑ ላይ ነበር። ትንሽ፣ የፀጉር ያህል ብቻ ብከፍተው ማን ያየኛል? ልጄ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዳገት ነው የሚሄደው።

"እማ፣ እሰሪው" አለኝ።

አሰርኩት። እርሳሱን ጨፈለቅኩት። በስሜ የተሠራው አዲሱ መቆንጠጫ የሚያትመው "ሙ" የሚል ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከዚያ ጉዞ ተመልሷል። ከዚያም ከብዙ ጉዞ ተመለሰ። "ዳገቱን በዝግታ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት፤ ሰው በእግሩ ይቀድመኝ ነበር፣ ግን ወጣሁት" አለኝ ብሩክ። ዓመቱ ሳያልቅ ካምፓላ ሥራ አገኘ። እሁድ እሁድ ይደውላል። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፤ አበቃ። አቡ ዱካን አገሩ ገባ፣ የእህሉም ሥራ ተቋረጠ፤ እኔም ዓይኔ ጉሙን ከጠብታው መለየት ሲያቅተው ቁልፉን ለአቶ ሰይፉ መለስኩ። የማይታየው ጭስ ስንት እንደቀነሰ አላውቅም፤ ካዋጃው ብዙ ነው ብሎ ነበር።

ያን ጠዋት ግን እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። ብሩክ ከበሩ ሲወጣ ጭስ የለውም፤ ጎዳናው ላይ ከታጠፈ በኋላ የት እንደደረሰ የማይበት ምልክት አልነበረኝም። ቆሜ ቀረሁ። አቶ ሰይፉ፣ ሙሉ ሌላ መኪና ገብቷል፣ ከሰዓት መውጣት አለበት አሉኝ። ገባሁ። ሹፌሩ አዲስ ነው፣ የባሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው፣ ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት። ቁልፉን ሲሰጠኝ ስሙን አልጠየቅኩትም።

የምትጠብቅህ እናትህ ስሟ ማን ነው አልኩት።

ግራ ገብቶት ሳቀ። "ፖኒ። ለምን ጠየቅሽኝ?"

"ለሥራው ነው" አልኩትና ኮፈኑን አነሣሁ።